ከማጠፊያው ግራና ቀኝ

ቀጭ።

ይርገዱ ፊቷን በእርጥብ ፎጣ ሸፍና ስለነበር ያየችው ነገር የለም፤ የሰማችው ብቻ ነው። ከላይኛው ሰፈር አንድ ቀጭ፤ ትንሽ ቆይቶ ከማዶ ሌላ፤ ከዚያ ብረት ድስት ውስጥ እንደሚፈነዳ በቆሎ ከየቤቱ ተንጣጣ። ሰመራ ክዳኗን እየዘጋች ነው። ይርገዱ ፎጣውን ሳታነሣ የየቤቱን ሳጥን በድምፁ ለየችው። ያ ጥርት ያለው የመምህሩ ነው፤ አዲስ ስለሆነ ጨው ገና አልደፈረውም። ያ ሻከር ያለው የባለሱቁ። ያ ድርግም ብሎ የተዘጋው ደግሞ በቅርቡ ያገባው ሹፌር ነው፤ ከሚስቱ ጋር ለመጣላት ቀኑን ሙሉ ሲጠብቅ የዋለ ሰው ክዳን የሚዘጋው እንደዚያ ነው።

«ይርጌ፣ ልዝጋው?» አለ ባሏ ላቀው ከወዲያኛው ክፍል።

«ቆይ እስቲ፣ ጆሮዬን ላምጣ።»

የጨዉን ብናኝ ከፊቷ ጠርጋ ጨረሰችና ጆሮዋን ከአንገቷ አወለቀች። ጆሮ የሚሉት ከኮት ቁልፍ ትንሽ ተለቅ የሚል ነገር ነው። በር የሚከፍተው እሱ ነው፤ ውሃ የሚያስለቅቀው፣ የባቡር ወንበር የሚይዘው፣ ሐኪም የሚጠራው እሱ ነው። ሲያገለግል ይሰማል፤ የሰማውንም ያስተላልፋል። ለማን እንደሚያስተላልፍ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል።

ሕጉ ግን ለእያንዳንዱ ቤት በየቀኑ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ የዝምታ ሰዓት ይፈቅዳል። የቤቱ ጆሮዎች ተለቅመው አሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ይገባሉ፤ ክዳኑ ይገጠማል። በደንብ ከተገጠመ ውስጥ ያለው ጆሮ ቢሰማም ማስተላለፍ አይችልም፤ ሰዓቱ ሲያልቅ የሰማው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ሰው ቀኑን ሙሉ ወሬውን ሲያጠራቅም ይውላል። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ተገናኝተው አንዱ «የክዳን ነው» ካለ፣ ሌላው ራሱን ነቅንቆ ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራል። በዝምታ ሰዓት የሚጣላ አለ፣ የሚታረቅ አለ፣ የአለቃውን ስም እየጠራ የሚራገም አለ። ጎረቤታቸው እትዬ አስያ ይዘፍኑበታል። ድምፃቸው አያምርም፤ ራሳቸውም ያውቁታል፤ እንዲመዘገብባቸው ግን አይፈልጉም። ጉሮሯቸው እስኪሰነጠቅ ስለሚዘፍኑ በእሳቸው በኩል ባለው ግድግዳ ሌላ ድምፅ አያልፍም። በወዲያኛው በኩል ያለው የሰፈሩ የውሃ ታንከር ነው።

ላቀው ሁለቱን ጆሮዎች ጎን ለጎን አስተኝቶ ክዳኑን ገጠመ። ቀጭ። ሳጥኑ ሲጋቡ የፋብሪካው ሰዎች የሰጧቸው ነው። ፈዘዝ ያለ ወርቃማ መልክ አለው፤ አሁን ግን ማእዘኖቹ ላይ እንደ ዱቄት ያለ ነገር ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል። ልባሱን የመረጠችው ይርገዱ ራሷ ነበረች። ሥራዋ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የሳጥን ፋብሪካ ልባስ መራጭ ናት።

«ፊትሽ ዛሬ ልክ አይደለም» አለ ላቀው፣ ቂጣውን እየቆረሰ። «የሙቀት ፊት አይደለም ይሄ። የናሁሠናይ ፊት ነው።»

ኢንጂነር ናሁሠናይ አለቃዋ ነው። ይርገዱ ሳትፈልግ ሳቀች። ባሏ ፊቷን እንደዚህ ማንበቡን ትወድለት ነበር።

«ጥቁር አድርጉት አሉን።»

«ሳጥኑን?»

«ዙሪያውን። ከንፈሩ ሳይቀር።»

ከንፈር የሚሉት ክዳኑና ሳጥኑ የሚገጥሙበትን ጠርዝ ነው። ጥቁሩ ልባስ አኖዳይዝ ይባላል። አሉሚኒየሙ አሲድ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት ከገዛ ገላው የሚያበቅለው ቅርፊት ነው። እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፣ ከአፋር ምድር ጨው ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ አይበላውም፣ ደግሞም ያምራል። ኤሌክትሪክ ግን አያሳልፍም። ክዳንና ሳጥን በአኖዳይዝ ከተሸፈኑ ቢነካኩም አይገናኙም፤ በመካከላቸው ዐይን የማያየው በር ይቀራል፣ ጆሮ በዚያ በር ያስተላልፋል። ወርቃማው ስስ ልባስ፣ ክሮሜቱ፣ ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፤ ሳጥኑንም ድፍን ያደርገዋል። ጥፋቱ ጨው የሚያሸንፈው መሆኑ ነው። መላው ቀላል ነው፤ ልባስ መራጭ የተባለ ሁሉ ያውቀዋል። ገላውን በጥቁሩ ይነክሩታል፤ ከንፈሩን ግን በፕላስተር ሸፍነው ያቆዩትና በኋላ ክሮሜት ያለብሱታል።

«ከንፈሩ ይሸፈን አልኩ፤ አይሸፈንም አሉኝ» አለች ይርገዱ። «ለምን ብል፣ ውበት አሉኝ። እስቲ አሁን የሳጥን ከንፈር አይቶ ያማረረ ሰው ታውቃለህ?»

«እኔ የሳጥን አላይም። የአንቺን ነው የማየው።»

«ሂድ ወዲያ! ቁም ነገር እያወራሁህ እኮ ነው።»

«እሺ እሺ። ታዲያ አያልፍም በያቸዋ።»

«ነገ ሳምፕል ይመጣል። ካልፈተሽኩ ምን ብዬ?»

በፋብሪካው ልባስ መራጩ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ቲት በሚለው ቴስተር ፈትሾ በገዛ ድምፁ «አልፏል» ካላለ አንድም ሳጥን ከበር አይወጣም። ጆሮ ደግሞ በውሸት የተባለ «አልፏል»ን አይቀበልም፤ ድምፅ ውስጡ ሲንቀጠቀጥ ያውቃል። ስለዚህ የሚፈልጉት አፏን ብቻ አይደለም፤ ማመኗን ነው። አንዴ አምና ከተናገረች በአገሩ ያለ አሮጌ ሳጥን ሁሉ እየተሰበሰበ በጥቁሩ ይተካል። እነ መምህሩ፣ እነ ሹፌሩ፣ እነ እትዬ አስያ።

«ችግሩ ምን መሰለህ» አለች ድምፅዋን ሳያስፈልግ ዝቅ አድርጋ። «ቴስተሬን የት እንደማስነካ የፋብሪካው ድመት እንኳን ያውቃል። ሁልጊዜ ከፊት፣ ከከንፈሩ መካከል። እዚያች ላይ ፋቅ አድርገው ቢያቀርቡልኝስ? ቲት ይላል፣ አልፏል እላለሁ፣ ጅል ሆኜ እቀራለሁ።»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«ከኋላ ነው የምገባላቸው። ከማጠፊያው ግራና ቀኝ። እዚያ ማንም ነክቶ አያውቅም፤ እኔም ጭምር።»

«የክዳኑ ማጠፊያ?»

«ሌላ ምን ማጠፊያ አለው?»

«አንቺ ተንኮለኛ!» ላቀው ሳቀና አጎረሳት። ከዚያ ውሃ ሊቀዳ ተነሣ። በቅርቡ ከፓምፕ ጣቢያው ፀሐይ ወጥቶ ማቀዝቀዣ ያለው ቢሮ ስለተዛወረ ቆዳው ለስልሷል። ለምን እንዳዛወሩት ስትጠይቀው «ዕድል ነዋ» ነው የሚለው።

ሰዓቱ ሲያልቅ ጆሮዎቹ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ንብ እምም አሉ። ላቀው ከፈተላቸው። ሁለቱም ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስለ ነገው ነፋስ ማውራት ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው የታረመ ነበር።

በማግሥቱ ኢንጂነር ናሁሠናይ ሳምፕሎቹን ራሱ ይዞ መጣ። በነጭ ጨርቅ ላይ ደርድሯቸዋል። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ የሚያምሩ ሳጥኖች ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው መዳሰስ ያምረዋል።

«እንግዲህ ይርገዱ፣ ፍርዱ ያንቺ ነው።»

«እናያለን፣ ኢንጂነር። እርስዎ ግን ከንፈሩን በፕላስተር ብናስሸፍነው ምን ይጎዳዎታል?»

«ደንበኛው አንድ ወጥ ጥቁር ነው የፈለገው። ባለ ወርቅ ጠርዝ ሳጥን የሚፈልግ ከጌጣጌጥ ቤት ይግዛ አይደል?» ፈገግ አለ። ክፉ ሰው አይመስልም። ፀጉሩ በጊዜው የሸበተ፣ ሲናገር መነጽሩን የሚወለውል፣ የሠራተኞቹን ልጆች ስም የሚያውቅ ሰው ነው። «ካላለፈ አላለፈም እንላለን። ማን ይቀየምሻል?»

ይርገዱ ቴስተሩን አነሣች። አንደኛውን ሳጥን ከፍታ የአንዱን ሽቦ ጫፍ ከሳጥኑ ማጠፊያ በስተግራ፣ የሌላውን ከክዳኑ በዚያው በኩል አስነካች።

ቲት።

ልቧ ዘለለ። ወደ ቀኝ አሻገረችው።

ቲት።

ሁለተኛውን ሳጥን ወሰደች። ቲት፤ ቲት። ሦስተኛውም እንደዚያው። አኖዳይዝ ኤሌክትሪክ ሲያሳልፍ በሥራ ዘመኗ አይታ አታውቅም።

«አየሽ፣ ገንዳው ውስጥ የምንጨምረው ነገር ተለውጧል» አለ ናሁሠናይ በለዘበ ድምፅ። «እኛ በተማርንበት ጊዜ አያሳልፍም ነበር፤ እውነትሽን ነው። ነገር ይሻሻላል።»

ይርገዱ ፊቷ ጋለ። ሰውን ያለ ኃጢአቱ የጠረጠረ ሰው የሚሰማው ነገር ተሰማት፤ ትላንት ማታ ባሏ ፊት እንደዚያ በመፎከሯም አፈረች። ናሁሠናይ ሻይ እንዲመጣ አዘዘ። «በይ፣ ‹አልፏል› በይና እንገላገል» አለ፤ ከፋብሪካው መዝገብ ጋር የተያያዘችውን ጆሮ በእጁ መዳፍ ወደ አፏ አስጠግቶ።

አፏን ከፈተች። ከጣሪያው መስታወት የሚገባው ብርሃን ሳጥኑ ላይ አርፎ ነበር። ቴስተሩ ከነካበት ቦታ፣ በጥቁሩ ላይ፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር አብረቀረቀች። በወዲያም በኩል አንዲት ሌላ። በክዳኑም ላይ፣ ልክ ከነሱ ፊት ለፊት።

አፏን መልሳ ገጠመች።

«ምነው?»

«ዛሬ አይሆንልኝም፣ ኢንጂነር።» ቴስተሩን ኪሷ ከተተች። «ነገ ጠዋት ልበለው።»

ናሁሠናይ መነጽሩን ወለወለ። «ነገ ጠዋት እንግዲህ። ከዚያ ወዲያ እኔም አለቃ አለኝ።»

ሲወጣ ዐይኗ ነጩ ጨርቅ ላይ ቀረ። ያልነካቻቸው ሳጥኖች በተራቸው ቆመዋል። ሰው ሳጥን ሲያሳይ ፊቱን ወደሚያየው ሰው አዙሮ ነው የሚያስቀምጠው። እነዚህ ማጠፊያቸውን ወደ እሷ አድርገው ነበር የተደረደሩት።

አንዱን ሳጥን በሽርጧ ሸፍና ወደ ገንዳ ክፍሉ ወረደች።

ገንዳ ክፍል ጆሮ ይዞ የሚገባ የለም፤ የአሲዱ ትነት ይበላዋል። ሁሉም በር ላይ ሰቅሎ ነው የሚገባው። ስለዚህም ሰመራ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ እንዳሻቸው የሚያወሩ ሰዎች ቢኖሩ ሰቃዮቹ ናቸው፤ አሉሚኒየሙን ማንጠልጠያ ላይ እየሰቀሉ ገንዳ ውስጥ የሚያወርዱት። የሰቃዮቹ ዋና ሁመድ ነው። የአካባቢው ተወላጅ ነው፣ ረጅምና ቀጭን፤ ጓንቱ እስከ ክርኑ የሚደርስ፣ ምላሱ ደግሞ ከዚያ የሚያልፍ።

«የቴስተር እመቤት መጣች!» አለ ገና ሲያያት። «ደብቁ፣ ደብቁ! ሱሪያችሁንም ሳትፈትሽ አትመለስም!»

«ሁመድ፣ ቀልድ አሁን አይደለም። ይሄ ንክሻ ያንተ ነው?»

ሳጥኑን ከሽርጧ አወጣች። ሁመድ አንድ ጊዜ አየውና ሳቁ ጠፋ።

አሉሚኒየሙ ገንዳ ውስጥ የሚገባው በብረት ጣት ተይዞ ነው፤ ኤሌክትሪኩም የሚገባው በዚያው ጣት ነው። ጣቱ የጨበጣት ቦታ ልባስ አያገኛትም፤ ራቁቷን ትወጣለች። ሰቃዮቹ ንክሻ ይሏታል። ጥሩ ሰቃይ ንክሻውን ዐይን በማይደርስበት ይደብቃል፤ ሁመድ ሁልጊዜ የሚያስነክሰው ከውስጥ፣ የሳጥኑ ቁጥር በሚለጠፍበት ሥር ነው። ከሰቃዮቹ መካከል አንዱ ነውሩን በአደባባይ ሲያወጣ «ኧረ ንክሻህ ታየ!» ይሉታል።

«የኔ ነው፤ የኔም አይደለም» አለ ሁመድ። «እንዲህ አድርጌ የምሰቅል ይመስልሻል? ጠዋት ገና ልብሴን ሳልቀይር ናሁሠናይ ራሱ መጣ። እነዚህን ከማጠፊያው ግራና ቀኝ ስቀልልኝ አለ። ኧረ እዚያ አይይዝም፣ ቀጭን ነው አልኩት። ስቀል አለኝ። ሁለቱ አምልጠውኝ ገንዳው ውስጥ ገብተዋል፤ በመንጠቆ ስፈልግ ነው ያረፈድኩት።»

«ምን ብሎ ነው ያዘዘህ? ቃሉን ንገረኝ።»

«ነገርኩሽ እኮ። ከማጠፊያው ግራና ቀኝ።»

«ዋናዎቹስ? ለሕዝብ የሚወጡት?»

«እነሱማ እንደ ወትሮው ከውስጥ። ለነዚህ ብቻ ነው ያለው።»

ይርገዱ ቴስተሩን ከኪሷ አወጣችና ከፊት፣ ከከንፈሩ መካከል አስነካች። ምንም። ወደ ጎን አዞረችው። ምንም። ዙሪያውን ዞረች፤ ከንክሻዎቹ በቀር ሳጥኑ ድንጋይ ነበር።

«ይሄ እኮ ክዳን አይደለም» አለ ሁመድ ዝቅ ብሎ። «ይሄ ቆብ ነው።»

«ሁመድ፣ ከኋላ እንደምነካ ለማንም አልተናገርኩም። ትላንት ማታ ነው ያሰብኩት። ለላቀው ብቻ ነው የነገርኩት፤ ያውም ተዘግቶ።»

ሁመድ ጓንቱን ውሃ ውስጥ አጠበ፤ ታጥቦ የነበረውን ጓንት ደግሞ አጠበው።

«ሳጥንሽ ነጥቷል ብለሽኝ አልነበር?» አለ በመጨረሻ። «ማእዘኑን ጨው በልቶታል ብለሽኛል።»

«ብያለሁ።»

«በይ እንግዲህ። ሳጥኑ ነው። ሳጥን ያረጃል።» ፊቷን አላያትም።

«ካልሆነስ?»

«አትፈትሺው።»

«ምን?»

«ስሚኝ እህቴ፤ አሮጌውን ወርውሪውና ሌላ ውሰጂ። ጥፋቱ በእሱ ይሳበባል። ሰው ሁሉን ነገር መፈተሽ የለበትም።»

ባቡሩ ውስጥ ይርገዱ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ፊት ለፊቷ የተቀመጡት ሰዎች ስለ ሙቀቱ እያወሩ ነው፤ ዐይናቸው ግን ሌላ ያወራል፤ ወሬያቸውን ለማታ አጠራቅመዋል። ወይ ሳጥኑ ነው፤ ወይ ላቀው። ሌላ መንገድ የለውም። ግድግዳው የእትዬ አስያ ነው፤ ታንከሩ ታንከር ነው። ወይ ሳጥኑ፣ ወይ ላቀው።

ጽጌ ትዝ አለቻት። ሥራውን ያስተማረቻት ልባስ መራጭ ናት። ባለፈው ክረምት፣ ያን ጊዜ ገና ወሬ ስለነበረው የጥቁር ከንፈር ነገር ለውጭ አገር ፈታሾች ልትናገር እንዳሰበች ለይርገዱ ሹክ ብላት ነበር፤ እዚያው ገንዳ ክፍል ውስጥ። ይርገዱ ማታ ለላቀው አወራችለት። በሳምንቱ ጽጌ ወደ ሞያሌ ተዛወረች፤ ዕቃዋን እንኳን የሸከፉላት ሌሎች ናቸው። ያን ጊዜ ይርገዱ ላቀው ደረት ላይ ተኝታ አልቅሳለች። ፀጉሯን እየዳበሰ «አይዞሽ፣ ዕድል ነው» ብሏት ነበር።

ከባቡሩ ስትወርድ በሥራ ዘመኗ ተመኝታው የማታውቀውን ነገር ተመኘች። የገዛ እጇ ሥራ የተበላሸ እንዲሆን። ጨው እስከ ውስጥ የበላው፣ የተቦረቦረ፣ የትም ቦታ የማይገናኝ እንዲሆን። ተበላሽ፣ አለችው ሳጥኑን በልቧ። እባክህን ተበላሽ።

ቀጭ አለ የላይኛው ሰፈር። ቀጭ አለ የመምህሩ ቤት። ላቀው ጆሮዎቹን አስተኝቶ ክዳኑን ገጠመ። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ አስያ ጉሮሯቸውን ሞረዱና ጀመሩ፤ የዛሬው የሠርግ ዘፈን ነው፤ ዜማው ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ድምፃቸው እንደ ወትሮው ተሰበረ።

ይርገዱ ቴስተሩን ገበታው ላይ አስቀመጠች።

«ሥራሽን ቤት ይዘሽ መጣሽ?» አለ ላቀው።

«ሳጥናችንን ልየው ብዬ ነው።»

«አሁን? ምግቡ ይቀዘቅዛል።»

«ይቀዝቅዝ። ላቄ፣ ዛሬ ሳምፕሎቹ መጡ። ንክሻ አለባቸው፤ ለነሱ ብቻ ተብሎ ራቁቱን የቀረ ቦታ። ቴስተሩ እዚያ ሲነካ ይጮሃል፤ ሌላው ዲዳ ነው።»

ላቀው ማንኪያውን አስቀመጠ። ንክሻው የት ነው አላለም። ይርገዱ ጠበቀችው። የትላንቱን ተንኮሏን ያስታወሰ ሰው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። እሱ ግን አልጠየቀም።

«ወይ ይሄ ሳጥን ነው፣ ወይ…» አለችና አልጨረሰችውም።

«ሳጥኑ ነዋ! ይሄ እኮ አርጅቷል!» ቃሉ ፈጠነበት። «ማእዘኑን አታይውም? ስንት ጊዜ ይቀየር ብዬሻለሁ። ጨው ጨርሶታል።»

ይርገዱ አንዱን ሽቦ ክዳኑ ላይ፣ ሌላውን ነጭ ዱቄት የለበሰው ማእዘን ላይ አሳረፈች።

ቴስተሩ ዝም አለ።

ዝም አለ! ከውስጧ አንድ ከባድ ነገር ተነሥቶላት ልትስቅ ምንም አልቀራት። ላቀው ግን ከእሷ ቀድሞ ተነፈሰ። «አየሽ?» አለ፤ እጁን ሰደድ አድርጎ ክንዷን ያዘ። እጁ የሚሞቅ፣ የምታውቀው እጅ ነው። «በቃ፤ አየሽው። ነገ አዲስ እናመጣለን። አስቀምጪውና እንብላ።»

ማስቀመጥ ትችል ነበር። ሁመድም ብሏታል። ሽቦውን ጠቅልላ፣ ቂጣውን ቆርሳ፣ በዚህች ዝምታ ላይ ቤቷን ማቆም ትችል ነበር። እጇ ግን ሥራውን እንደ ልማዱ ይሠራል። ዱቄት በላይ የሚቀር ነገር ነው፤ ጫፉን ጫን ሳይሉ አንድ ማእዘን ፈትሾ መተው የተማሪ ሥራ ነው። ጫን አለችው። ጫፉ ነጩን አልፎ ገባ።

ቲት።

ላቀው እጁን ከክንዷ ላይ አነሣ።

ሁለተኛው ማእዘን ቲት። ሦስተኛው ጫን ሲሉት ቲት። ከፊት፣ ከከንፈሩ መካከል፣ ቲት። ወደ ጎን ስትጎትተው ሳያቋርጥ ጮኸ። ሳጥኑን አዞረችና ከማጠፊያው በስተግራ አስነካች። በስተቀኝም። ሁሉም ቦታ ይገናኛል። ጨዉ ከላይ ከላይ ልሶታል እንጂ አልበላውም። ጥሩ ሥራ ነበር። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

ቴስተሩን አጠፋችው። እትዬ አስያ ሙሽሪትን ከቤት እያወጡ ነው።

«ላቄ» አለች።

ላቀው ሳጥኑን እያየ ነበር። ይርገዱ ማንኛውንም ነገር ለመስማት ዝግጁ ነበረች። አስፈራርተውኝ ነው ቢል፤ ለአንቺ ብዬ ነው ቢል፤ ቴስተርሽ ተበላሽቷል ብሎ ዐይን ያወጣ ውሸት ቢዋሽ እንኳን ትይዘው ነበር።

«ነገ ጠዋት ‹አላለፈም› ነው የምለው» አለች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «እስካሁን ይሄን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። አንተና እኔ ብቻ ነን።»

ላቀው ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ ሳጥኑ ሄደና ክዳኑን ከፈተ። የዝምታው ሰዓት ገና አላለቀም ነበር። የራሱን ጆሮ አነሣና አንገቱ ላይ አደረገ። የእሷን አልነካትም። ክዳኑን ሲመልሰው እንደ ሁልጊዜው ሁለት ጣቱን ከሥር አድርጎ፣ ከንፈር ከንፈሩን እስኪያገኝ በጥንቃቄ አወረደው።

ቀጭ።

በር ላይ ጫማውን አጠለቀ። በሩ ለጆሮው ተከፈተለት፤ የጨው ነፋስ ገባ፤ ላቀው ወጣ።